ውለታና ርኅራኄ፦ የ«ልብ ወለድ ታሪክ» ነጋዴ ከመተማ ሲታይ

1. መግቢያ

አንድ ሰው የማያውቀው፣ ዘመዱም ጎረቤቱም ያልሆነ፣ ነገም ውለታውን ሊመልስለት የማይችል ሰው ተቸግሮ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? የራሱን ጥቅም ትቶ ይረዳዋል ወይስ ጥቅሙን አስቀድሞ አልፎት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር መምህራን ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የሥነ ጽሑፍም ጥያቄ ነው። አንድ ገጸባሕርይ በሁለት መንገዶች መካከል ቆሞ አንዱን እስኪመርጥ ድረስ ያለችው አጭር ጊዜ የትረካ ጥበብ በእጅጉ የሚፈተንባት ጊዜ ናትና።

በአማርኛ ልቦለድ ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ የተነሣው ገና ከመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ መሆኑ የሚታወቀውና በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው) የሚንቀሳቀሰው አንድ ነጋዴ ለማያውቀው ምርኮኛ ባሳየው ርኅራኄ ነው። መጽሐፉን በተመለከተ የሚነሡት ነጥቦች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። ስለ ቋንቋው ርቀት፣ ስለ ሴራው ግጥምጥሞሽ፣ ስለ ጦቢያ ውበትና የወንድ ልብስ መልበስ፣ «ጦቢያ» የሚለው ስም አገርን ሊወክል ስለ መቻሉ ብዙ ይነገራል። ነጋዴው ግን የታሪኩ መንደርደሪያ ተደርጎ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጋዴ ወደ መሐል አምጥቶ መመርመር ነው። ለንባቡ መቆሚያ እንዲሆን የተመረጠው ቦታ መተማና በዙሪያው ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። አፈወርቅ ታሪኩን መተማ ላይ አድርጎታል ለማለት አይደለም። መተማ የተመረጠው የልቦለዱ ሦስት ዋና ጉዳዮች፣ ማለትም ነጋዴ፣ ምርኮኛና ባዕድ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ በአንድ ስፍራ የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ነው። ከዚህ አንጻር ሲነበብ ልቦለዱ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም ይበልጥ ይገልጣል የሚል እምነት አለኝ።

2. መተማ፦ የነጋዴ፣ የምርኮኛና የእንግዳ አገር

መተማ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። ዛሬ ገንዳ ውኃ የዞኑ ዋና ከተማ ሆና ብታገለግልም፣ በሩ መተማ ዮሐንስ ነው። አገሩ ሞቃት ቆላ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው በብዛት የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ከሚወርደው ሠራተኛ ወባና ካላዛር የሚለክፈው ብዙ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር እንግዳ መሆን ብርቅ አይደለም። ሰሊጡን የሚያጭደው እጅ አብዛኛው የእንግዳ እጅ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ በጎንደርና በሱዳን መካከል ያለው ንግድ ዋና መተላለፊያ ነበረች። ቡና፣ ሰም፣ ከብትና ጥጥ ይለወጥባት እንደ ነበር ሁሉ ሰውም ይሸጥባት ነበር። የባሪያ ገበያዋ የታወቀ ነበር። በዚያው ዘመን አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የተክሩር ሼሆች ነበሩ። ተክሩሮቹ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ለሐጅ ወደ መካ ሲመላለሱ በመንገድ ቀርተው የሰፈሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። መንገደኛ የነበሩት ባለቤት ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ በመተማ «ባለ አገር» እና «መጤ» የሚባሉት ቃላት ድንበራቸው እንደ ደጋው የጸና አይደለም።

መተማ የቂም ቦታም ናት። ጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። የከተማዋ ስም ራሱ ይህን ይዘክራል። «ደርቡሽ» የሚለው ቃል በጎንደር ልጅ ጆሮ ለረጅም ጊዜ የጠላት ስም ሆኖ ቆይቷል። ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሰው የሚታየው በዚህ ትዝታ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ድንበር የመጠለያ በርም ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት ያባረራቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ምሥራቅ ሱዳን ገብተው ተጠልለዋል። በዚያን ጊዜ ስደተኛ ያስተናገደው የኡም ራኩባ ካምፕ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፍቷል። በዚያ ዓመት የሐምዳይትና የአካባቢው ነዋሪዎች ያላቸውን ምግብ ማካፈላቸው፣ ቤታቸውንም ለሰው መልቀቃቸው በስፋት ተነግሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። ሱዳናውያን፣ በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና የብዙ አገር ዜጎች በመተማ በኩል ገቡ። ለስደተኞቹ ኩመርና አውላላ ላይ የመጠለያ ጣቢያዎች ተዘጋጁ።

እዚህ ላይ ነው የሥነ ጽሑፋችን ጥያቄ የዕለት ጥያቄ የሚሆነው። እንግዳ ሲበዛ ቤት ኪራይ ይወደዳል፤ የመኪና ዋጋ ይጨምራል፤ ውኃ እንኳ ገንዘብ ይሆናል። ለነጋዴ ይህ ጊዜ የማትረፊያ ጊዜ ነው። በረሃ አቋርጦ፣ ልጅ አዝሎ፣ ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው በየትኛው ዓይን ያየዋል? እንደ ገበያ ወይስ እንደ ሰው?

3. ሁለት የቆዩ ድምፆች

ወደ አፈወርቅ ከመሄዳችን በፊት፣ እሱም አንባቢዎቹም ያደጉባቸውን ሁለት የቆዩ ድምፆች ማዳመጥ ያስፈልጋል። አንዱ ከተአምረ ማርያም፣ ሌላው ከቃል ሥነ ጽሑፋችን የሚመጣ ነው።

በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ በጣም የታወቀ ነው። በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ውኃ የጠማው ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ ውኃ እንዲሰጠው ይለምነዋል። በላዔ ሰብእ መጀመሪያ እምቢ ይላል። በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላ ወገን ይመዘናሉ፤ በእመቤታችን አማላጅነት ውኃዋ ትደፋለች።

ይህን ታሪክ ከሃይማኖታዊ ፍቺው ሳንነካ በትረካነቱ ብቻ ብንመለከተው ሁለት ነገር እናገኝበታለን። አንደኛው የምርጫው ሂደት ነው። ተራኪው በላዔ ሰብእን በአንድ ጊዜ ደግ አያደርገውም። ይለመናል፤ እምቢ ይላል፤ እንደገና ይለመናል፤ ያመነታል። ውሳኔው በእምቢታና በእሺታ መካከል ተወጥሮ ስለሚቆይ አድማጭ ትንፋሹን ይይዛል። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። የሚሰጠው ነገር እጅግ ትንሽ፣ ሰጪውም ከሰው ሁሉ የከፋ ነው። ርኅራኄ የጻድቃን ብቻ ሀብት አይደለም፤ በሰጪው ጽድቅም በስጦታው ብዛትም አይለካም ማለት ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ጥያቄ ትቶ ያልፋል። ውኃው የተሰጠው ለለምጻሙ ጥማት ነው ወይስ ለተጠራው ስም? ለምጻሙ ያንን ስም ባያውቀው ኖሮ ጠምቶት ይቀር ነበርን? ከማዶ የመጣው የመተማ እንግዳ «ስለ ስሟ» ብሎ መለመን የማያውቅ ሊሆን ይችላልና ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ድምፅ ተቃራኒ ነው። «ለሰው ሞት አነሰው» ይላል ሕዝባችን። በተለያየ መልክ የሚተረተው፣ እባብን ከአደጋ አውጥቶ መልሶ በእባቡ ሊነደፍ የተቃረበው የገበሬ ተረትም የዚሁ ወገን ነው። እነዚህን የጭካኔ ትምህርት ናቸው ብሎ መጣል ስሕተት ይሆናል። ተረቱ የሚናገረው የፈራን ሰው እውነት ነው። የራስን ጥቅም ማስቀደም ሁልጊዜ ስግብግብነት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ነፍስን የማዳን ጥንቃቄ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰው ታግቶ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ መጥቷል። በዚያ መንገድ የሚያሽከረክር ሾፌር ዳር ላይ ወድቆ እጁን የሚያነሣ ሰው ቢያይ፣ ያ ሰው የተቸገረ ይሁን ወይም ወጥመድ ይሁን በምን ያውቃል? መኪናው ውስጥ የራሱ ረዳት፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ልጆች አሉ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 575 በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳ እየቻለ፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ያልረዳን ያስቀጣል። ሕጉ መስመሩን ያሰመረው አደጋው ረጂው ላይ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ የማያዝዘው፣ ሊያዝዘውም የማይችለው ግዛት ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

4. ነጋዴው

በ«ልብ ወለድ ታሪክ» መጀመሪያ ክርስቲያኖችና አረማውያን ይዋጋሉ። የክርስቲያኖቹ ጦር ይሸነፋል፤ የጦር አለቃው ይማረካል። ትናንት ሠራዊት ያዘዘ ሰው ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። በዚህ ችግር ላይ እያለ አንድ ነጋዴ ያዝንለታል፤ በገንዘቡም ነጻ እንዲወጣ ያደርገዋል። የጦር አለቃው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ልጁ ዋሕድ ይህን ባለውለታ ፈልጎ ለማግኘት ይወጣል። በመንገድ እሱም ተይዞ ይሸጣል። አባትና መንትያዋ ጦቢያ ደግሞ ዋሕድን ፍለጋ ይወጣሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው የመማረክ፣ የመለየት፣ የመዋደድና የመገናኘት ታሪክ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ፍለጋ ነው።

እንግዲህ ሴራውን ወደ ኋላ ብንፈታው ከጫፉ የምናገኘው ጦርነቱን ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ምርኮኛን ፈጠረ። ልቦለዱን የፈጠረው ግን የነጋዴው ሐዘን ነው። ነጋዴው ባያዝን ኖሮ የጦር አለቃው በባርነት ይቀር፣ ዋሕድም የሚፈልገው ባለውለታ አይኖረውም ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የመጀመሪያ ሞተር የአንድ ባዕድ ርኅራኄ መሆኑ ተገቢ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው።

ደራሲው ለዚህ ሥራ ነጋዴን መምረጡ ደግሞ ሊጤን ይገባል። መነኩሴ ወይም ደግ ባላባት ሊሆን ይችል ነበር። ነጋዴ ግን የነገርን ሁሉ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነው። የሰው ልጅ በገበያ በሚሸጥበት ዘመን ምርኮኛ ሲያይ መጀመሪያ ሊታየው የሚገባው ዋጋው ነው። መተማን ባሰብን ጊዜ ይህ ግልጽ ይሆንልናል። በዚያ ገበያ ላይ የቆመ ነጋዴ ምርኮኛን ገዝቶ መሸጥ ሥራው፣ ገዝቶ መልቀቅ ግን ኪሳራው ነው። አፈወርቅ ርኅራኄን ያስቀመጠው ከጥቅም ሩቅ በሆነ ሰው እጅ ሳይሆን ጥቅምን በየቀኑ በሚቆጥር ሰው እጅ ነው። ደራሲው ከዘጌ የወጣ፣ በጎንደር በኩል የሚያልፈውን የንግድ ዓለም በሩቁ የማያውቅ ሊሆን የማይችል፣ ኋላም ራሱ ነጋድራስ ተብሎ የተሾመ ሰው ነው። የንግድን ጠባይ አያውቅም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ምርጫው ትልቅ ነው። አፈጻጸሙ ግን ከምርጫው ያነሰ ይመስለኛል። ነጋዴው እንዳዘነና ገንዘቡን እንዳወጣ እንረዳለን። ያ ገንዘብ ለእሱ ምን እንደ ነበረ፣ ሲያወጣው ምን እንዳጎደለበት፣ በልቡ የተሟገተውን ሙግት ግን ትረካው አያቆይልንም። የትረካው ብርሃን ፈጥኖ ከነጋዴው ላይ ተነሥቶ ወደ ጦር አለቃው ቤተሰብ ይሄዳል። በላዔ ሰብእ እምቢ ብሎ፣ አመንትቶ፣ ከዚያ ይሰጣል። የአፈወርቅ ነጋዴ ግን በደግነቱ ተጠናቅቆ የመጣ ነው። በዚህ ረገድ ጥንታዊው ተአምር ከዘመናዊው ልቦለድ ይልቅ የውሳኔን ቅጽበት በጥልቀት አሳይቷል ማለት ይቻላል። ግጭት የሌለበት ርኅራኄ ይደነቃል እንጂ አይታመንም። ተደራሲው «እሱ ደግ ስለሆነ አደረገው፤ እኔ ግን እንደሱ አይደለሁም» ብሎ በሰላም ሊያልፈው ይችላል።

5. ከርኅራኄ ወደ ውለታ

ነጋዴው ከመድረኩ ከወረደ በኋላ በቦታው የሚተካው ውለታ ነው። ርኅራኄና ውለታ በዕለት አነጋገራችን ተቀራራቢ ቢሆኑም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ርኅራኄ የሚሄደው ወደማያውቁት ሰው ነው፤ መመለሻ የለውም። ውለታ ግን ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን የሚያስር ገመድ ነው። «ውለታ መላሽ ያድርገኝ» የሚለው ምርቃታችን ይህንኑ ያሳያል። የተቀበለ ሰው ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ካልተከፈለ ክብሩ ይጎድላል።

ዋሕድ የሚወጣው በዚህ ክብር ነው። የአባቱን ዕዳ የራሱ አድርጎ መቀበሉ ጨዋነቱን ያሳያል፤ አፈወርቅም ይህን ጨዋነት አጉልቶ ያቀርበዋል። ነገር ግን ልብ እንበል። የነጋዴው ደግነት አንድን ሰው ከባርነት አወጣ። የዋሕድ ውለታ መላሽነት ደግሞ አንድን ሰው፣ ራሱን ዋሕድን፣ ወደ ባርነት አስገባ። አባቱና እኅቱም በዚያው ምክንያት ለእንግልት ተዳረጉ። ይህ ምጸት በደራሲው ታስቦበት የተሠራ ነው ወይስ የጀብዱ ታሪክን ለማስረዘም የመጣ? መልሱን በእርግጠኝነት መስጠት ያስቸግራል። ሆኖም ጽሑፉ ደራሲው ካሰበው በላይ ሊናገር ይችላል። በእኔ ንባብ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሳያውቀው የሚጠይቀው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የማያውቁት ሰው ያደረገልህን ደግነት ለራሱ መመለስ የግድ ነውን? ወይስ ለሌላ ለማያውቁት ሰው ማሳለፍ ይሻላል?

የሴራው ክብደት ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ዋሕድ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ምርኮኞች አሉ፤ አገሩ ሰው የሚሸጥበት አገር ነው። የተቤዠ አባት ልጅ ግን ዓይኑ ባለውለታው ላይ ነው። «እኛም ማንን እንቤዥ?» የሚለው ጥያቄ የልቦለዱ ጥያቄ ሆኖ አይወጣም።

የመተማ ድንበር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ያቀርባል። በ1977 ዓ.ም. ኡም ራኩባ ውስጥ ውኃና ዱራ የተካፈለ ኢትዮጵያዊ፣ ያካፈለውን ሱዳናዊ ዛሬ ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ከካርቱም ሸሽታ መተማ የደረሰችው እናትም በ1977 ማንን እንደረዳች የምትናገረው ነገር የላትም፤ ምናልባት ያኔ አልተወለደችም። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር በግለሰቦች መካከል የሚከፈል ዕዳ ሊሆን አይችልም። ውለታ የሚያውቀው ስምና ፊት ነው። ድንበሩ የሚጠይቀው ግን ስምና ፊት የሌለውን ነው። ከዚህም ርቀን ብንሄድ በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ፣ በሱዳን ሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ውለታውን ማን ይመልስልኛል ብሎ ስላሰበ አይደለም።

6. የርኅራኄ ወሰን

የልቦለዱ መጨረሻ ሌላ ችግር ያነሣል። አረማዊው ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል፤ ጦቢያን ያገባል። ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል። ጦርነት በጋብቻ፣ ጠላትነት በዝምድና ይዘጋል። በ1900 ዓ.ም. ለነበረው አንባቢ ይህ ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ እንደሚሆን አያጠራጥርም። የአንድነትና የሰላም ምኞት አለበት። ነገር ግን የባዕዱ ባዕድነት የሚያበቃው እኛን ሲመስል ነው። ልቦለዱ ሲጀምር ርኅራኄ የተደረገው ማንነት ሳይለወጥ ነበር። ምርኮኛው ሃይማኖቱን እንዲቀይር አልተጠየቀም፤ ነጋዴውም ዘመዱ አልነበረም። ልቦለዱ ሲያልቅ ግን ሰላም የሚገኘው ሌላው ሰው የራስ ወገን ከሆነ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነጋዴ አንጻር ሲታይ መጨረሻው ወደ ኋላ መመለስ ነው።

መተማ ላይ ይህ ፍጻሜ አይሠራም። ከማዶ የመጣው እንግዳ ነገም ሱዳናዊ፣ ነገም ሙስሊም፣ ነገም ዐረብኛ ተናጋሪ ሆኖ ይኖራል። ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይቆያል እንጂ እኛን ለመምሰል አልመጣም። የሚፈለገው ርኅራኄ የሌላውን ሌላነት እንደያዘ የሚቀበል ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል አስቀድሞ ማንነታቸውን አልመረመረም። ውኃ አስመጣ፣ ከጥላው አስቀመጣቸው፣ ከዚያ ነው ማንነታቸው የተገለጠው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው።

7. ንባብ ደግ ያደርጋልን?

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የራሳችንን ሙያ የሚነካ ጥያቄ ይቀራል። ስለ ርኅራኄ ማንበብና ማስተማር ሰውን ርኅሩኅ ያደርጋልን? በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን 40 የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው ወድቆ እንዲያገኙ ተደረገ። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው። ያልቸኮሉት 63 ከመቶ ያህሉ ሲረዱ፣ በመጠኑ የቸኮሉት 45 ከመቶ፣ በጣም የቸኮሉት ግን 10 ከመቶ ብቻ ረድተዋል። የሚናገሩበት ርእስ ያመጣው ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሚሮጥ ሰው የወደቀውን ተሻግሮ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን ሊያሳፍረን ሳይሆን ሊያስተምረን ይገባል። ታሪኩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ሁኔታውም ይወስናል፤ ጥድፊያ፣ ፍርሃት፣ የኑሮ ጫና። ስለዚህ ርኅራኄን የግለሰብ የልብ ደግነት ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሥነ ጽሑፍ ግማሹን እውነት ይደብቃል። በመጠለያ ጣቢያዎቹ የደረሰው ይህን ያስረዳል። በአካባቢው ግጭት ተባብሶ፣ ዝርፊያ፣ እገታና ግድያ ስደተኞቹ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት አውላላን ለቀው በእግራቸው ወጡ። ተከልክለውም ለወራት በመንገድ ዳር ዱር ውስጥ ቆዩ። በአማርኛችን ረዳት ያጣን ሰው «አውላላ ሜዳ ላይ ተጣለ» እንላለን። የቦታው ስምና ፈሊጡ እንዲህ መገጣጠማቸው ለሰሚው ይከብዳል። የኩመርና የአውላላ ጣቢያዎች በኋላ ተዘግተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የስደተኛ ጥበቃ የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግዴታ ነው፤ አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህን ግዴታ ተቀብላለች፤ ታዲያ ስለ ደግ ነጋዴ ማውራት ኃላፊነትን ከትከሻቸው ማውረድ አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለበት። የአንድ ሰው ጥርኝ ውኃ የጸጥታ ጥበቃን አይተካም። ነገር ግን የሚጠብቀው ፖሊስም፣ የሚመዘግበው ሠራተኛም፣ በር የሚከፍተው ኬላም በመጨረሻ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ፊት የሚቆምባቸው ስፍራዎች ናቸው። አዋጁ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ደጃፉ ላይ የሚሆነው የሰው ምርጫ ነው። ከዚህም በላይ መጠለያው ሥር የነበረው የመተማ ነዋሪ ራሱ በዚያው ግጭት ሲታገት፣ ሲዘረፍና ሲፈናቀል ነበር። ረጂና ተረጂ እያልን የምንከፍላቸው ሁለቱም በአንድ ፍርሃት ሥር ነበሩ። ርኅራኄ ከሞላለት ለጎደለበት ብቻ የሚወርድ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ «ልብ ወለድ ታሪክ» በአንድ ነጋዴ ርኅራኄ ተጀምሮ ወደ ውለታ፣ ከውለታም ወደ ዝምድና ይሸጋገራል። በየእርከኑ ባዕዱ እየቀረበ፣ ርኅራኄውም እየቀለለ ይሄዳል። የልቦለዱ ትልቁ ግኝት፣ ዋጋ ቆጣሪው ነጋዴ ዋጋ መቁጠሩን የተወበት ቅጽበት፣ ሳይመረመር ይታለፋል። ይህን ማለት አፈወርቅን ማሳነስ አይደለም። በዘመኑ ማንም ያልሄደበትን መንገድ የከፈተ ደራሲ ነው። የተወልን ግን ያልተጻፈ ምዕራፍም አለ።

ያን ምዕራፍ ለመጻፍ የሚሻ ደራሲ ከሦስቱ ድምፆች የሚማረው አለው። ከተአምሩ እምቢታንና ማመንታትን፣ ከተረቱ ፍርሃትን፣ ከአፈወርቅ ደግሞ ነጋዴውን። ሦስቱ በአንድ ገጸባሕርይ ውስጥ ቢገናኙ፣ የምናደንቀው ሳይሆን የምናውቀው ሰው ይወጣል። የሚፈራ፣ የሚያሰላ፣ የሚከስር፣ ግን በመጨረሻ በሩን የሚከፍት ሰው። በሩን ሳይከፍት ሲቀርም ለምን እንደ ቀረ የምንረዳለት ሰው።

ለተማሪዎቻችንም አንድ ሥራ አለ። በመተማ፣ በገንዳ ውኃና በመንገዱ ዳር ባሉ መንደሮች እነዚህን ዓመታት የሚመለከቱ ትረካዎች በሰዎች አፍ ላይ ናቸው። የቃል ሥነ ጽሑፍ ሰብሳቢ ሲሄድ «ማን ረዳ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የለበትም፤ የሚያገኘው መልስ ውዳሴ ይሆናልና። «ስትረዳው ምን ፈራህ? ምን ጎደለብህ? ያላስጠጋኸውስ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። ጠያቂውም ወደ ተናጋሪው ከማቅረቡ በፊት ለራሱ ቢያቀርበው መልካም ነው።